ውርጭ የመታው ሎሚ አይቸኮልበትም

ኅዳር ተጋምሶ ደመናው ተጠራርጎ ሲሄድ የአዲስ አበባ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ይሆናል። በዚህ ወቅት በቃሊቲ፣ በገላን፣ በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች በረንዳ ላይ በአሮጌ ባልዲና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን የተተከሉ ሎሚዎች ቅጠላቸው ይገረጣል፣ ይጠቀለላል፣ ጥር ሳይወጣም ይረግፋል። ዶሮ የሚያጥብበትን፣ ጉንፋን ሲይዘው ሻይ ላይ የሚጨምቀውን ፍሬ ከደጁ መቁረጥ የለመደ ቤተሰብ ይህን እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያቅተዋል። ውሃ ያበዛለታል፤ ዩሪያ ይበትንበታል፤ ደርቋል ያለውን ቅርንጫፍ በቢላ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ብርሃን የማይገባበት ጓዳ ውስጥ ይከተዋል። ሁሉም ከአዘኔታ የሚደረግ ነው። እኔ ግን በብርድ የተጎዳ ሎሚ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በብርዱ ሳይሆን ከብርዱ በኋላ በሚጣደፍ እርዳታ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም ከተክሉ ከራሱ አሠራር ማሳየት ይቻላል።

መጀመሪያ ብርዱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቃሊቲ ከእንጦጦ ጫፍ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ደግሞ ይሞቃል። ይህ ለቀኑ እውነት ነው። በበጋ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ መሬቱ ቀን የሰበሰበው ሙቀት ወደ ላይ ይበናል፤ ይዞ የሚያቆየው ደመና የለም። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ የወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ወደ አቃቂ የሚዘልቀው መሬት አብዛኛው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ጎህ ሊቀድ ሲል ብርዱ የሚበረታው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህም በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ክፈፍ ሥር የቆመ ሎሚና ገላጣ ላይ የቆመ ሎሚ አንድ ዓይነት ሌሊት አያሳልፉም። ዝርያውም ልዩነት አለው፦ ትርንጎና ሎሚ ብርድ ፈሪዎች ናቸው፤ ብርቱካን መካከለኛ ነው፤ መንደሪን ይሻላል። አገራችን በስፋት ብርቱካን ያመረተችው በሞቃታማው የአዋሽ ሸለቆ፣ በኑራ ኤራና በመርቲ እርሻዎች መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

«አዲስ አበባ እኮ ደብረ ብርሃን አይደለችም፤ አመዳይ በየሌሊቱ አይወርድባትም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሎሚ ለመጎዳት ውሃው በረዶ እስኪሆን አይጠብቅም። የሙቀት መጠኑ ከ13 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የእነዚህ ተክሎች እድገት ይቆማል፤ ሥራቸውም ውሃ መሳቡን እጅግ ያዘገየዋል። መሬት ውስጥ የተተከለ ዛፍ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ አፈሩ ይጠብቀዋል። የባልዲ ሎሚ ግን ሥሩ በዙሪያው በስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው የተከለለው፤ ከሥሩም ቀዝቃዛ ሲሚንቶ አለ። አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚሆነውን እናስብ፦ የታኅሣሥ ፀሐይ ቅጠሉን ታሞቀዋለች፣ ቅጠሉም ውሃ ማትነን ይጀምራል፤ ሥሩ ግን ገና ከሌሊቱ ብርድ አልወጣም፣ የሚልከው ውሃ የለውም። ተክሉ ያለው ምርጫ ቅጠሉን መጣል ነው። ባለቤቱ ይህን «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። አፈሩ ግን እርጥብ ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው መጀመሪያ የሚያሞቀው ቅጠሉን ሳይሆን ባልዲውን ነው። ባልዲውን ከሲሚንቶው ላይ አንስቶ ሳንቃ ላይ ማስቀመጥና ዙሪያውን በጆንያ መጠቅለል ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ወደ ቤት ማስገባትን በተመለከተ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር ሙሉ በሙሉ አይጠቅመንም። የእነርሱ ቤት ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ ስለማይጠፋበት ችግራቸው የአየር ድርቀትና የብርሃን ማነስ ነው። የእኛ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ በጋ ቀን ላይ ከደጅ ይልቅ ቤት ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ደግሞ ቤቱ ከደጅ ይሻላል። ለዚህ የሚስማማው ፀሐይ ስትጠልቅ አስገብቶ፣ ጠዋት አየሩ ሞቅ ሲል ማውጣት ነው። ማመላለስ የማይችል ሰው ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ይምረጥ፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና በዚያ በኩል ያለ መስኮት የቀኑን ብዙ ሰዓት ብርሃን ያገኛል። አንድ ነገር ግን በፍጹም መደረግ የለበትም፦ ለተክሉ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ። የከሰል ጢስ ቅጠል የሚያረግፍ ጋዝ አለው፤ ከዚያ እጅግ የሚከፋው ግን ሽታ የሌለው መርዙ የተኛ ሰው መግደሉ ነው።

ውሃ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ቅጠሉ የረገፈ ሎሚ የሚያተነው ጥቂት ስለሆነ የሚጠጣውም ጥቂት ነው፤ እንደ ቀድሞው በየቀኑ ቢጠጣ ባልዲው ውስጥ ውሃው ይተኛል፣ ቀዝቃዛና አየር የሌለው አፈር ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል። የአቃቂ ዙሪያ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አካባቢው ዋልካ አፈር ነው፣ ዋልካም ሲርስ ተጣብቆ ውሃ አይለቅም፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ከደጅ ዋልካ ቆፍሮ ባልዲ የሞላ ሰው ሎሚውን ለበሽታ አዘጋጅቶታል ማለት ይቻላል። አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለበት ቀይ አፈር፣ ከሥሩም ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ሆኖም አፈር መቀየሩም ቢሆን ተክሉ እስኪያገግም ይቆይ። ጣትን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ሁለት አንጓ ያህል ደረቅ ሲሆን ብቻ ማጠጣት ይበቃል፤ ውሃውም ጠዋት ከቧንቧ እንደወረደ ሳይሆን ፀሐይ ላይ የዋለ ቢሆን ይመረጣል። ማዳበሪያስ? ዩሪያም ሆነ ፍግ የሚጠቅመው የሚያድግን ተክል ነው። እድገቱ ለቆመ ሥር ዩሪያ ጨው ነው፤ የቀረውን ለጋ ሥር ያቃጥላል። አዲስ ቡቃያ ከታየ በኋላ በትንሹ መስጠት ይቻላል።

መቁረጥ ላይ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሞተውንና የተኛውን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ሁለት ምልክቶች አሉ። ቅጠሎቹ ከረገፉ ቅርንጫፉ ሕይወት አለው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ቅጠል መጣል ተክሉ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነውና። ቅጠሎቹ ቡኒ ሆነው ደርቀው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለው ከቀሩ ግን ቅርንጫፉ ቅጠሉን ለመጣል እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ሞቷል። ሁለተኛው፣ ቅርፊቱን በጥፍር ስስ አድርጎ መፋቅ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከታየ ሕያው ነው፣ ቡኒና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ወረድ ብሎ እንደገና መሞከር ነው። ታዲያ ይህን ያህል ከታወቀ ለምን ወዲያው አይቆረጥም? ጉዳቱ ገና ስላላለቀ ነው። ዛሬ አረንጓዴ የሆነው ከወር በኋላ ወደ ታች ሊደርቅ፣ የሞተ የመሰለው ደግሞ ከመሐሉ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1983፣ ጥር 1985 እና ታኅሣሥ 1989 የወረደው ውርጭ ሰፋፊ የብርቱካንና የሎሚ እርሻዎችን አውድሟል። በዚያ የኖሩ ገበሬዎችና ባለሙያዎች አጥብቀው የያዙት መመሪያ አዲሱ ቡቃያ ወጥቶ የሕይወትና የሞት ድንበር እስኪለይ መቀስ አለማንሳት ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ዛፍ አለጊዜው ለጋ ቡቃያ ያወጣል፤ የሚቀጥለው ብርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው ለጋውን ነው።

«ደረቅ እንጨት በሽታ ያመጣል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ግን የሎሚ የሻጋታ በሽታዎች የሚስፋፉት በእርጥበት ነው፣ የእኛ በጋ ደግሞ ደረቅ ነው። በዚህ ደረቅ አየር ይልቅ የሚያሰጉት ከቅጠል ሥር የሚደበቁ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ እነርሱንም በስስ የሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ጠቁሮ የላሸቀና የሚሸት ክፍል ካለ እሱ ብቻ ሳይጠበቅ ይቆረጥ።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አዲስ ችግኝ መግዛት አይቀልም?» የሚለው ደግሞ ጊዜን የዘነጋ ሂሳብ ነው። ከዘር የበቀለ ሎሚ እስኪያፈራ ዓመታት ይጠይቃል፤ የቆየ ሥር ግን አንድ የበልግ ወቅት አግኝቶ ብዙ ቅጠል መመለስ ይችላል። ከዘር የበቀለ ከሆነ ግንዱ ሁሉ ቢሞት እንኳ ከሥር የሚወጣው ቡቃያ ያው ሎሚው ነው። የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚያቆጠቁጠው ሌላ ዝርያ ስለሆነ መነቀል አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሞቶ ከሆነ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ተገቢ ነው። በማገገም ላይ ያለ ተክል አበባ ቢያወጣ አበባውን ቀንጥቦ መጣል ጭካኔ አይደለም፤ ጉልበቱ ለቅጠል ይቆየዋል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ማሞቂያና ልዩ መብራት በሌለበት በማንኛውም ቦታ፣ በኪራይ ክፍልም ይሁን በማረሚያ ቤት ግቢ፣ ሳንቃ፣ ጆንያ፣ የደቡብ ፀሐይና ልከኛ ውሃ ይገኛሉ። እባካችሁ ዘንድሮ ቅጠሉ የረገፈበትን ሎሚ ነቅላችሁ አትጣሉ። ቅርፊቱን ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፤ አረንጓዴ ካገኛችሁበት እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ስጡት፤ ቡቃያው የት እንደወጣ ካያችሁ በኋላ ከዚያ በላይ ያለውን ደረቅ ብቻ ቁረጡ።