ባንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ፤ ስለ አከፋፈት ስልቶቹና ስለ ስያሜዎቻቸው

፩. መነሻ

«ሰንጢ» በአማርኛ ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላዋ ነው። ቃሉ ለዕለት ንግግር በቂ ቢሆንም የውጭ አገር ሕግ፣ የፍርድ ቤት ክስ ወይም የዕቃ መግለጫ ለሚተረጉም ሰው ይጠበዋል። በብዙ አገሮች ሕግ አንዱ ሰንጢ የሚፈቀደው፣ ሌላው የሚከለከለው ስለቱ በምን ዓይነት ስልት ከእጀታው እንደሚወጣ ተመርምሮ ነውና። ሁሉንም ሰንጢ ብሎ ማለፍ ልዩነቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስልቶቹን ካነጻጸረ በኋላ ለእያንዳንዱ ስያሜ ያቀርባል።

፪. ስልቶቹ

ጥንታዊው ሰንጢ ሁለት እጅ ይጠይቃል። በስለቱ ጎን በተቦረቦረው ጠባብ ፈር ጥፍር ይገባና ስለቱ ይሳባል፤ ሌላው እጅ እጀታውን ይይዛል። የቀድሞው የስዊስ ወታደሮች ሰንጢ የታወቀ ምሳሌ ነው። አንድ እጁ ገመድ ወይም መሰላል የያዘበት ሠራተኛ ግን በዚህ ዓይነቱ ሊገለገል አይችልም። ባንድ እጅ የመክፈት ስልቶች የተፈለጉት ስለዚህ ነው።

ሀ/ ቀዳዳ፦ ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሰንጢ ስለት ላይ ክብ ቀዳዳ አበጀ። አውራ ጣት በቀዳዳው ጠርዝ ተደግፎ ስለቱን ይገፋል። ቀዳዳ ተነቅሎ አይወድቅም፤ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ያገለግላል፤ ጓንት ላጠለቀ እጅም ይመቻል። ሆኖም ስለቱን በዚያው በኩል ሰፋ ማድረግ ግድ ይላል።

ለ/ ጉጥ፦ በስለቱ ጎን የሚተከል ትንሽ የብረት እብጠት ነው። ስለቱን ማስፋት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጉጡ ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ለሌላው እጅ አይመችም፤ ከኪስ ሲወጣም በጨርቅ ሊያዝ ይችላል።

ሐ/ ምላስ፦ ሰንጢው ሲታጠፍ ከእጀታው ጀርባ ብቅ የሚል የስለቱ ተቀጥላ ነው። ሌባ ጣት ሲጫነው ስለቱን አጥፎ የያዘው ተቃውሞ በድንገት ይለቅና ስለቱ በማጠፊያው ብሎን ላይ ዞሮ ይከፈታል። ጣት ከስለቱ መንገድ ይርቃል፤ ሰንጢው ከተከፈተ በኋላም ምላሱ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ይከላከላል።

እነዚህ ሦስቱ የሚያመለክቱት ጣት የሚያርፍበትን አካል ነው እንጂ ስለቱን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል አይደለም። ባለ ምላስ ሰንጢ በጣት ኃይል ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ በውስጡ ሞላ ተጨምሮበት፣ ጣት ከጀመረው በኋላ ሞላው የሚፈጽመውም አለ። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ላይለዩ ይችላሉ። በእጀታው ላይ አዝራር ሲጫኑ ሞላው ስለቱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚያስፈነጥረው ደግሞ ሌላ ነው፤ አሜሪካውያን «ስዊችብሌድ»፣ እንግሊዞች «ፍሊክ ናይፍ» ይሉታል። በመጨረሻም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፓራሹት ወታደሮች እንደ ያዙት ያለ፣ መያዣው ሲለቀቅ ስለቱ በገዛ ክብደቱ የሚወርድ ሰንጢ አለ።

፫. የሕግ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚገድበው በእጀታው ላይ ባለ አዝራር ወይም መሰል መሣሪያ፣ አለዚያም በስበት ወይም በውርወራ ኃይል፣ ራሱ የሚከፈተውን ነው። በ2009 በተጨመረው አንቀጽ ግን ሞላው ስለቱን ወደ መታጠፍ የሚያደላ ሆኖ፣ ለመክፈት እጅ በራሱ በስለቱ ላይ ኃይል ማሳረፍ ካለበት፣ ሰንጢው ከገደቡ ወጥቷል። ሕጉ አንድ ክንድ ብቻ ላለው ሰው ስለቱ ከ3 ኢንች ማለት ከ7.62 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ተስፈንጣሪ ሰንጢ መያዝን ይፈቅዳል።

በብሪታንያ የ1959ኙ ሕግም «በእጀታው» ላይ ስላለ አዝራር ይናገር ነበር፤ የ2019ኙ ሕግ ግን በእጀታው የሚለውን «በቢላዋው» በሚል ሰፊ ቃል ተካው። በዚህ ሕግ ለውጥ ሞላ ያገዘው ሰንጢ በክልከላው ሊጠቃለል ቻለ። እንግዲህ «እጀታ» እና «ቢላዋ» በትርጉም ቢቀያየሩ ስሕተቱ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በጀርመን ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ሕጉ «አይንሃንድሜሰር» ሲል የሚመለከተው ባንድ እጅ ተከፍቶ ስለቱ የሚቀረቀረውን ነው፤ ሞላ ኖረው አልኖረው አይጠይቅም።

የስያሜ ብዥታ ጉዳቱ በኒው ዮርክ ታይቷል። በስበት የሚከፈተውን የሚከለክለው የክፍለ ግዛቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪሻር ድረስ፣ ፖሊስ የእጅ አንጓውን ወንጨፍ አድርጎ ስለቱን ካወጣው ተራ የሥራ ሰንጢም «የስበት ሰንጢ» ይባል ነበርና ብዙ ሠራተኞች ተከሰዋል።

፬. የአማርኛው ችግር

ዋነኛው እንቅፋት «ቁልፍ» የሚለው ቃል ነው። ቁልፍ መክፈቻም፣ መዝጊያም፣ የሚጫኑትም ነገር ይሆናል። «ባለ ቁልፍ ሰንጢ» ቢባል አዝራሩ ሲጫን የሚስፈነጠረው ነው ወይስ ከተከፈተ በኋላ ስለቱ እንዳይታጠፍ የሚይዝ መሣሪያ ያለው? በብሪታንያ ሕግ የመጀመሪያው መያዙ ራሱ ክልክል ሲሆን፣ ሁለተኛውን በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ለሚጫኑት «አዝራር»፣ ስለቱን ለሚይዘው «መቀርቀሪያ» ቢባል ይሻላል።

ምላሱን «ቃታ» ማለትም ያምራል፤ በሌባ ጣት የሚሠራ ነውና። ነገር ግን ቃታ ከጠመንጃ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ዕቃውን ገና ከስሙ ጦር መሣሪያ ያደርገዋል። ሞላ ያገዘውን «ከፊል አውቶማቲክ» ማለትም በተመሳሳይ ምክንያት አይደገፍም።

፭. የቀረቡ ስያሜዎች

ስያሜው ሁለት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይገባል፤ ስለቱን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ምንድር ነው? ጣት የሚያርፈውስ የት ነው? የፊተኛውን ቅጽል፣ የኋለኛውን «ባለ» የሚል ጥምር ይገልጸዋል።

የጥፍር ፈር — ጥፍር የሚገባበት የስለቱ ቡርቡር።
ባለ ቀዳዳ፣ ባለ ጉጥ፣ ባለ ምላስ — ጣት የሚያርፍበት አካል በስለቱ ላይ የሆነ ሰንጢ።
ሞላ አገዝ ሰንጢ — ጣት ስለቱን ጀምሮለት ሞላ የሚፈጽመው («ራስ አገዝ» እንደሚባለው)።
ተስፈንጣሪ ሰንጢ — በአዝራር የሚለቀቅ ሞላ ስለቱን በሙሉ የሚያወጣው።
የስበት ሰንጢ — ስለቱ በክብደቱ የሚወርድ።
ባለ መቀርቀሪያ ሰንጢ — ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ሳይለቀቅ የማይታጠፍ።

በዚህ መሠረት «ሞላ አገዝ ባለ ምላስ ሰንጢ» ሲባል አንባቢው ኃይሉንም ቦታውንም ያውቃል። ኃይሉ ከምንጩ ጽሑፍ ካልታወቀ ግን ተርጓሚው ከስልቱ ውጫዊ መልክ ተነሥቶ «ተስፈንጣሪ» አይበል፤ «ባንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ» ብሎ መተው ይበቃል። ያልተባለውን ከመፍረድ የተባለውን ብቻ ማስተላለፍ ይበልጣልና።