ተቀማጭ ገንዘብና ተቀማጭ ሰውነት

በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ ይወልዳል። በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰውነት ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ዕዳ እንደሚያከማች ብዙዎቻችን አናስተውልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕዳው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ታወቀና ሥራ ሳይጓደል በምን ዐይነት ሊከፈል እንደሚችል ለነጋድያን ወገኖቻችን በአጭሩ ለመግለጽ ነው።

ነጋዴ ሥራውን የሚጀምረው በእግሩ ነው። ዕቃውን ራሱ ያወርዳል፤ ራሱም በመደርደሪያ ላይ ይደረድራል፤ ዋጋ ለመጠየቅ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል፤ ስለ ጉምሩክና ስለ ባንክ ጉዳይ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ንግዱ በሰፋ መጠን ግን አንዱን ድካም ለሠራተኛ፣ ሌላውን ለተላላኪ፣ የቀረውን ለስልክ እያስረከበ ይሄዳል። በመጨረሻም ደንበኛው ይመጣለታል፤ የሒሳብ መዝገቡ ይመጣለታል፤ የባንክ ክፍያው በእጅ ስልኩ ይፈጸምለታል፤ ቡናው ሳይቀር ጠረጴዛው ድረስ ይቀርብለታል። ይህ ሁሉ የብልጽግና ምልክት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከድካሙ ጋር አብሮ ለሌላ ሰው የተሰጠ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰውነቱ ቀድሞ ሳይታሰብ ያገኘው የነበረው እንቅስቃሴ ነው።

ተቀምጦ መዋል ጉዳት እንዳለው ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የተባሉ ኢጣልያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፉትን መጽሐፍ በ1713 ዓ.ም. አስፋፍተው ሲያሳትሙ የጸሐፊዎችንና የመዝገብ ያዦችን ሕመም ጨመሩበት። የሕመሙንም ምክንያት ሦስት አደረጉት፤ አንደኛው ያለማቋረጥ መቀመጥ፣ ሁለተኛው እጅን በአንድ ዐይነት አኳኋን ሳያሳርፉ ማንቀሳቀስ፣ ሦስተኛው በመደመርና በመቀነስ ተሳስቼ በአሠሪዬ ላይ ጉዳት አደርሳለሁ ከሚል ስጋት የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ላባው በኮምፒውተር ቢተካም፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሕመም ያው ነው ማለት ይቻላል።

የሎንዶን አውቶቡስ ምስክርነት

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ከተደረጉት ጥናቶች ዋነኛው ከአውቶቡስ ሠራተኞች የተገኘ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 31 ሺህ ያህል የሎንዶን የትራንስፖርት ሠራተኞችን ጤና መርምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሁለት ሰዎች፣ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ ሆነው ያሠሩት ነበር። ሁለቱም በአንድ መኪና፣ በአንድ መንገድ ይውላሉ። ሾፌሩ የሥራ ጊዜውን ከሞላ ጎደል ተቀምጦ ሲጨርሰው፣ ትኬት ቆራጩ ግን በየቀኑ ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ይወጣ ነበር።

ምርመራው ሲጠናቀቅ የልብ ደም ሥር በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሽታው ሲይዛቸውም በዕድሜ ዘግይቶ ነበር፤ ለሞት ያደረሰውም ያነሱትን ነው። በፖስታ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ እያዞሩ በሚያድሉትና በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው በሚሠሩት መካከል ተመሳሳይ ልዩነት ታየ።

ሚዛን መመርመር የለመደ ነጋዴ «በሁለቱ ወገን የተቀመጠው ዕቃ አንድ ዐይነት ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው በ1956 ዓ.ም. የደንብ ልብሱን ልክ መዝገብ ተመልክተው፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ከትኬት ቆራጮቹ ሱሪ ይልቅ በወገቡ የሰፋ መሆኑን ገለጹ። ስለዚህም ልዩነቱ ሁሉ ከወንበሩ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አልተቻለም። ቆየት ብለው ግን ሁሉም የጠረጴዛ ሥራ የሚሠሩ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞችን አጠኑ። በ1973 ዓ.ም. የወጣው ውጤት እንዳመለከተው፣ ከሥራ ውጭ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት በልብ በሽታ የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። የጠረጴዛ ሠራተኛ ሆኖ መዳን ይቻላል ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ንግድ ቤት ብንመለስ ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ ከእኛም ዘንድ አሉ። ጣቃ ተሸክሞ ከመጋዘን ወደ ሱቅ ሲመላለስ የሚውለው ወጣት ትኬት ቆራጩ ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ባለቤት ደግሞ ሾፌሩ ነው።

በሽርፍራፊ የሚከፈል ዕዳ

ስንቀመጥ የጭንና የባት ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ። ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ያቃጥላል፤ ባታችንም በተኮማተረ ቍጥር ወደ እግር የወረደውን ደም ወደ ልብ ይገፋል። በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ 19 ክብደት የበዛባቸው ሰዎች ተመርጠው፣ አንድ ቀን ከተመገቡ በኋላ ሳይነሡ እንዲቀመጡ፣ በሌላው ቀን ግን በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ብቻ እንዲራመዱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት፣ በተራመዱበት ቀን ከምግብ በኋላ የሚታየው የደም ስኳር መጨመር በሩብ ያህል ቀነሰ። በኒውዚላንድም በ2016 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ የስኳር ሕመምተኞች ከየምግቡ በኋላ 10 ደቂቃ በእግራቸው ሲሄዱ፣ 30 ደቂቃውን በአንድ ጊዜ ከመሄድ ይልቅ ስኳራቸው የበለጠ ዝቅ ብሎ ታየ፤ ይልቁንም ከእራት በኋላ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፈጠን ያለ የእግር ጉዞን የመሰለ፣ እንዲያደርግ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልተደረገ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ይህን አንሥቶታል። ሳንቲሙም ከብሩ ጋር ይደመራል ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 16 ግማሽ ሰዓቶች አሉት። በየግማሽ ሰዓቱ 2 ደቂቃ ተነሥቶ የሚራመድ ሰው በቀን 32 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ከሆነ 192 ደቂቃ ያጠራቅማል። እርምጃው ፈጠን ያለ ከሆነ ይህ ብቻውን ከተባለው ዝቅተኛ ልክ ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለተላላኪ የሰጡትን መልሶ መውሰድ

በተግባር ምን ይደረግ ለሚል አንባቢ፣ ከሁሉ የሚቀለው በእጅ ስልክ ሲነጋገሩ ከወንበር ተነሥቶ መራመድ ነው። ከደንበኛና ከዕቃ አስተላላፊ ጋር በስልክ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለምና፣ ይህ ብቻውን ብዙ ደቂቃ ያስገኛል። ቡናውም ጠረጴዛ ድረስ ከሚመጣ ይልቅ ባለቤቱ ወደሚፈላበት ቢሄድ፣ ማኅተሙና የደረሰኙ ጥራዝ ከእጅ ርቀት ውጭ ቢቀመጡ፣ ሰው ሳያስበው ይነሣል። መደብሩ ፎቅ ላይ የሆነ ነጋዴ አሳንሰሩን ትቶ በእግሩ ይውጣ። በየፎቁ 20 ደረጃ ያለው ሕንፃ አራት ፎቅ ቢወጡት 80 ደረጃ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወጡት 240 ይሆናል፤ ይህም ከትኬት ቆራጩ ዝቅተኛ ልክ ግማሽ ያህሉ ነው።

ከዚህ ሌላ በቀን አንድ ጉዳይ ከተላላኪው እጅ ተወስዶ በባለቤቱ እግር ቢፈጸም መልካም ነው። ለምሳሌ መጋዘኑን በየቀኑ ተዘዋውሮ መመልከት ለጤና ብቻ ሳይሆን ለንግዱም ይጠቅማል። ቡና ላኪው ጆንያው እርጥበት እንዳልነካው፣ አስመጪው ካርቶኑ እንዳልተጨፈለቀ በዓይኑ ያያል።

የሱቁ ጥበት መራመጃ የማይሰጠው ቸርቻሪ ደግሞ ገበያ ሲቀዘቅዝ አሥር ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ቢቀመጥ፣ በእግር ጣቶቹም ቆሞ ተረከዙን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ ይበጀዋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ግን መፍትሔ አይደለም፤ እግርን ያሳብጣልና። የሚጠቅመው መቀያየሩ ነው። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የልብና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ልምዱን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ሠራተኞችም ሊታሰብበት ይገባል። በኒውዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን የሕይወት መድን ኩባንያ በ1925 ዓ.ም. የማለዳ ስፖርት በሬድዮ ማስተላለፍ ጀመረ። የጃፓን የፖስታ መድን ሹማምንትም ይህን ተመልክተው በ1928 ዓ.ም. በአገራቸው አቋቋሙት፤ ከጦርነቱ በኋላ ተቋርጦ በ1951 ዓ.ም. ቢታደስም እስከ ዛሬ በብዙ የሥራ ቦታ ይሠራበታል። የሕይወት መድን የሚሸጥ ሰው የሰውን ዕድሜ በገንዘብ የሚያሰላ ነውና፣ ለዚህ ወጪ ማውጣቱ ትርፉን ስላየ መሆኑን ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ብዙው የአገራችን ንግድ ቤት የቆመው በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ መታመንና በባለቤቱ ትውስታ ነው። ዱቤ የሚሰጠው ሰው የሚያውቀው እርሱን ነው፤ የማን ሒሳብ ስንት እንደ ቀረ በልቡ የያዘውም እርሱ ነው። እርሱ በድንገት አልጋ ላይ ሲውል፣ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ንግዱ ይቆማል፤ ልጆቹና ሠራተኞቹም አብረው ይናወጣሉ። መጋዘኑን ከእሳትና ከሌባ በመድን የሚያስጠብቅ ሰው የራሱን እግር ቢዘነጋ፣ ዋናውን ንብረት ሳያስመዘግብ መቅረቱ ነው።

አባቶቻችን «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይላሉ። ተቀምጠን የምናከማቸውም ሕመም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ሆይ፣ ይህን ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ከወንበርዎ ይነሡና መጋዘንዎን አንድ ጊዜ ዞረው ይመልከቱ።