ልሙጥ ጎማ ለማውንቴን ብስክሌት

ማውንቴን ብስክሌት ገዝቶ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው። ጭቃ እንዲቧጥጡ የተሠሩት የጎማው ጥርሶች አስፋልት ላይ የሚረቡት ነገር የለም። መሬት ሲረግጡ ይጎብጣሉ፣ ሲለቁ ይቃናሉ፤ የነጂው ጉልበትም በዚያው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መፍትሔው ልሙጥ ጎማ ማስገጠም ነው። ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ አይነካም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎችን የሚያስቀራቸው «ዝናብ ሲመጣ ይጥለኛል» የሚለው ስጋት ነው።

ስጋቱ የመጣው ከመኪና ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በፍጥነት ሲሄድ ከሥሩ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። የመኪና ጎማ ቦዮች የተቀደዱት ለዚህ ውሃ መውጫ ነው። የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ድቡልቡል ነው፤ ውሃውን ወደ ግራና ቀኝ እየገፋ አስፋልቱን ይረግጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ናሳ የአውሮፕላን ጎማዎችን ውሃ በተኛበት መንደርደሪያ ላይ ሲያጠና ጎማ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አረጋግጧል። በዚያ ስሌት 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የተሞላ የመኪና ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይንሳፈፋል። 45 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ደግሞ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ መክነፍ አለበት፤ የብስክሌቱ ድቡልቡል ቅርጽ ይህን ገደብ ይበልጥ ያርቀዋል። መኪና 90ን በየቀኑ ያልፋል፤ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ እንኳ ፍሬን እየያዘ ስለሚወርድ ከ110 ጋር አይገናኝም። ታዲያ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማውን የሚይዘው ምንድን ነው? አስፋልት ጠጋ ብለው ሲያዩት ከሬንጁ ብቅ ብቅ ያሉ ሻካራ ጠጠሮች አሉት። ላስቲኩ ለስላሳ በመሆኑ ጠጠሮቹ ይገቡበታል፤ የሚጨብጡትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ መሬት የሚነካው ላስቲክ በበዛ መጠን ጭበጣው ይጠናል። ጥርሳም ጎማ የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ኩርባ ላይ ሲያዘነብሉበት ደግሞ ጥርሶቹ ራሳቸው ይጣመማሉ። በዝናብ ቀን አስፋልት ላይ የበለጠ የሚታመነው እንግዲህ ልሙጡ ነው።

«ያለቀ ጎማ አደገኛ ነው ሲባል ኖሮ ልሙጥ ግዙ እንዴት ይባላል?» የሚል ይኖራል። ያለቀ ጎማ አደጋው ላስቲኩ ሳስቶ ክሩ መታየቱ፣ በትንሽ ጠጠር መቀደዱ ነው። ልሙጥ ሆኖ የተሠራ ጎማ ግን ላስቲኩ ሙሉ ነው። አርጅቶ የለመጠውን ጎማ «ይኸው ልሙጥ ሆነልኝ» ብሎ መንዳት ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ የብረት ክዳን፣ የዜብራ ቀለም ወይም የፈሰሰ ዘይት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የትኛውም ጥርስ አያድንም። ጭቃና ልቅ ጠጠር ላይ ግን ልሙጡን የሚፈሩት ልክ ናቸው፤ መንገዱ ግማሹ ጭቃ የሆነበት ሰው ጥርሳሙን ይያዝ።

ሲገዙ ዋናው ልኩ ነው። «26» የሚል ብቻ አይቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ 26 × 1 3/8 ተብሎ የተጻፈው 590 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ የሚገባ ሲሆን፣ እንደ 26 × 1.50 በነጥብ የተጻፈው ደግሞ የማውንቴኑ 559 ነው። ጎማው ጎን ላይ 40-559 ወይም 47-559 የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋት ነው። የ27.5 ብስክሌት 584፣ የ29 ደግሞ 622 ይላል። ጠባቡ ሁሉ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን በእኩል ግፊት ሰፊው ጎማ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ኮብልስቶን ለሚበዛበት መንገድ 47 ይሻላል። ከመነዳሪውም ከስፋቱ ጋር ይመሳሰል።

ጎማው ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ጣሪያ ነው፤ እስከዚያ መሙላት ግዴታ አይደለም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ነጂ በ47 ስፋት ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር ሰክቶ ድንጋይ እስኪሆን ማስሞላት ጎማውን ያንጥራል፣ ጭበጣውንም ይነሳል፤ ያን ያህል ትንሽ አየር የሚይዝ ጎማ በጥቂት ሰከንድ ልኩን ሊያልፍም ይችላል። መጀመሪያ በትንሹ አስሞልተው፣ ጎማው ላይ በቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያለችው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል መውጣቷን አይተው፣ ከዚያ ቀሪውን በእጅ ፓምፕ ይጨርሱ።