የብረት ናኖ ቅንጣቶችና ቆዳ፦ ከባዶ እግር የሚገኝ ማስረጃ

ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለኩ የብረት ቅንጣቶች ዛሬ ከቆዳ ጋር የሚገናኙት በብዙ መንገድ ነው። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ይገባሉ፤ የብር ቅንጣቶች ደግሞ ባክቴሪያን ለመግታት በጥጥ ጨርቅ ላይ ይለበጣሉ። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ላላት ኮምቦልቻ ሁለተኛው ጉዳይ ሩቅ አይደለም።

በጤናማ ቆዳ ላይ የተደረጉ አብዛኞቹ ሙከራዎች ቅንጣቶቹ ከላይኛው የሞቱ ሕዋሳት ሽፋን እንደማያልፉ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን በኢሶቶፕ የተለየ ዚንክ ያለበትን ቅባት በተቀቡ ሰዎች ደምና ሽንት ውስጥ ጥቂት ዚንክ አግኝቷል። የገባው ቅንጣቱ ራሱ ይሁን ወይስ ከእሱ የሟሟ አዮን፣ ዘዴው አይለይም። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው፤ የዚንክ አዮን ሰውነት የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር ሲሆን የማይሟሟ ቅንጣት ሊከማች ይችላል።

የመከማቸት ማስረጃ ከተፈለገ ኢትዮጵያ ከቤተ ሙከራ የሰፋ ታሪክ አላት። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንን የሊምፍ ዕጢዎች መርምሮ አሉሚኒየምና ሲሊከን የያዙ ደቃቅ ቅንጣቶችን አገኘ። በትል የማይመጣውን የእግር ዝሆኔም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ በሚያገኝ ደጋ ይበዛል፤ በአገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳሉበት ተገምቷል። እርግጥ የአፈር ማዕድን በፋብሪካ ከተመረተ ንጹሕ ናኖ ብር ጋር አንድ አይደለም፤ ንጽጽሩም እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል።

ሆኖም ንጽጽሩ ችላ ሊባል የማይገባ ነገር ያሳያል። አፈሩ የሚነካው ለስላሳ ክንድ ሳይሆን የተሰነጠቀ ተረከዝ ነው፤ የሚነካውም ለቀናት ሳይሆን ለዓመታት ነው። በአንድ ቀዬ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሁሉ አለመታመሙ ደግሞ የዘር ተጋላጭነትን ይጠቁማል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም ይህን ደግፏል። እግርን ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ የሕክምናው መሠረት የሆኑት የቆዳው አጥር እንዲጠገንና አፈሩ እንዳይነካው ስለሚያደርጉ ነው።

እንግዲህ በብር የተለበጠ ጨርቅ ደህንነት በጤናማ ቆዳና በአጭር ጊዜ ሙከራ ብቻ ከተመዘነ፣ ለዓመታት በላብ በራሰና በኬሚካል በተሰነጠቀ እጁ ጨርቁን የሚያነሳው ሠራተኛ ከልኬቱ ውጭ ይቀራል።