መዝገቡ ሳይዘጋ የሚመረቁ ተማሪዎች

የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘመን በሰኔ፣ ቢዘገይ በሐምሌ ያበቃል። ፍርድ ቤት ደግሞ አስቸኳይ ጉዳይ ከሚያዩት ተረኛ ችሎቶች በቀር ነሐሴንና መስከረምን ይዘጋል። በግንቦት የልጅ ቀለብ ክስ የመሠረተች እናት፣ መጥሪያው ለተከሳሹ ሳይደርስ ቀርቶ ወይም ዳኛው ተቀይሮ ቀጠሮዋ ለጥቅምት ሊሻገር ይችላል። በጥቅምት ተማሪዎች ወደሚያገለግሉበት የዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስትመለስ አቤቱታዋን የጻፈችላት ተማሪ ተመርቃ ወደ አገሯ ሄዳለች። ሌላ ተማሪ ይቀበላታል። «እናቴ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?» ይላታል። እሷም ከሠርጓ ጀምራ፣ እስከ ዱላው፣ እስከ መባረሯ ድረስ ያለውን እንደገና ታወራለች። ከወራት በፊት ለአንዲት ልጅ ያወራችውን፣ አሁን ለማታውቀው ወጣት።

እኔም የሕግ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ባለ ማዕከል ውስጥ ተቀምጬ አቤቱታ ጽፌያለሁ። ለትምህርቱ ውጤት ይሰጥበታል፤ ሪፖርት ይቀርብበታል፤ በመጨረሻም «ከአገልግሎቱ ምን ተማርክ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ሁላችንም የሚያምር መልስ ጽፈናል። ሴቲቱ ምን እንዳገኘች የሚጠይቅ መስመር ግን በቅጹ ላይ አልነበረም። ይህ የአንድ ማዕከል ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ተማሪ ወደ ኅብረተሰቡ በወጣበት ዘመን ሁሉ የተደጋገመ ነው።

ነገሩ ሰባ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒቴሪያን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። አሠራሩ በጎንደር እስከ ዛሬ አለ፤ በኋላ የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው አደረገው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ተጀመረ። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ሄዱ። የባላገሩን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ሲመለሱ የፖለቲካ ሰው ሆነው እንደ ተመለሱ በጊዜው የነበሩ ሁሉ ይናገራሉ። ባላገሩ ሲባል ግን በአብዛኛው ወንዱ ባላገር ነበር።

ይህ በይበልጥ የታየው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን በአገሪቱ ዙሪያ ተሠማሩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አዋጁ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬቱን በገዛ እጁ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ይላል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ቃል ነው። ገበሬ ማኅበሩን የሚያደራጁት ዘማቾቹ ነበሩ። በተግባር ግን በማኅበሩ መዝገብ የሰፈረው ቤቱን የሚወክለው አባወራ ሆነ፤ ባለትዳሯ ሴት በባሏ ስም ሥር ተጠቃለለች። ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት በራሷ ስም ልትመዘገብ ትችል ነበር፤ ባል ያላት ግን መሬቷን የምታውቀው በእርሱ በኩል ነው። አዋጁን አንብቦ ያስረዳ ዘማች መዝገቡን ሲሞላ ልማዱን ጻፈ። ዘማቾቹ ወደ ከተማ ተመለሱ፤ መዝገቡ ቀረ። ሚስትም ባልም በየፎቶግራፋቸው የታዩበት የመሬት ይዞታ ደብተር በአማራ ክልል መታደል የጀመረው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የሕጉንም ጉዞ ሳያዩ የዛሬውን ተማሪ ሥራ መረዳት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን በጥቂት ዓመት እስራት ይቀጣና፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ያቺን ልጅ ለጠለፋት ሰው ሚስት ማድረግ በሕግ ፊት ዕዳ ማጥፊያ ሆኖ ኖረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን ለመለወጥ ከተነሡት ቀዳሚው ነው። በአርሲ የጠለፋትን ሰው በመሣሪያ የገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ መዓዛ አሸናፊ የምትመራው ይህ ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ልጅቱም ራሷን ተከላክላለች ተብላ ነፃ ወጣች። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ፣ የባልን አለቅነት አስቀረ፣ ፍቺን ከቤተ ዘመድ ሽማግሌ እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም። የቀረው ግን ቀላል አይደለም፦ በጋብቻ ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር እስከ አሁን ወንጀል ሆኖ አልተደነገገም፤ ተደባዳቢውን ባል ከቤት የሚያርቅ የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥበት ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም የለንም።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ማዕከላት የበዙት በክፉ ቀን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር በዚህ በብርቱ ተጎዳ፤ ገንዘቡ ታገደ፣ ሠራተኞቹ ተበተኑ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መካከል በየክልሉ ጠበቃ መቅጠር ለማትችል ሴት የቀረላት በር በአብዛኛው የሕግ ትምህርት ቤቶቹ ነበር። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ ማዕከላት እንዲከፈቱ አግዟል። ልምድ ያላቸው ጠበቆች የለቀቁትን ቦታ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ያዙት። ይህን የሚያስታውስ ሰው ማዕከላቱን በቀላሉ አይነቅፍም፤ እኔም አልነቅፍም።

ሥራው ምን ይመስላል? አንዲት ሴት ትመጣለች። ወረቀቶቿ በፌስታል ተጠቅልለዋል፤ የልጅ ክትባት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ የምትሳሳለት አንድ የሠርግ ፎቶ። ተማሪዋ መጀመሪያ የምታጣራው ጋብቻው መኖሩን ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የላቸውም፤ በባህል ነው የተጋቡት፣ ወይም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለዚህም ቦታ አለው፦ እንዲህ ያለው አብሮ መኖር ከሦስት ዓመት ካላነሰ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። ሦስት ዓመቱን ማስረዳት ግን ምስክር ይፈልጋል። ምስክሮቹ ደግሞ የባልየው ጎረቤቶች ናቸው፤ ነገም አብረውት ይውላሉ። በክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት የተማርነው አንቀጽ እዚህ ላይ ሦስት ሰው ለምኖ ማምጣት ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የዳኝነት ገንዘብ አለ። የንብረት ክፍፍል ስትጠይቅ ክፍያው ከንብረቱ ግምት ጋር ያድጋል፤ ስለዚህ በደሃ ደንብ እንድትከስ ማመልከት ያስፈልጋል። ለዚያ ቀበሌው የድህነት ማስረጃ መጻፍ አለበት። ቀበሌው «ቤት አላችሁ፣ እንዴት ደሃ ነን ትያለሽ?» ይላታል። ቤቱ ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ የመጣችውም ስለዚያው ቤት ነው። ይህን ዙር ለመስበር የሚያስፈልገው ትልቅ የሕግ እውቀት አይደለም። አንድ ሰው አብሯት ወደ ቀበሌው ሄዶ፣ ሊቀመንበሩን አነጋግሮ፣ ማኅተሙ እስኪመታ ድረስ አብሯት መቆም ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ይሄዳሉ፤ አብዛኞቻችን ግን አቤቱታ መጻፍን ሥራችን፣ ቀበሌ መሄድን የእሷ ሥራ አድርገን ቆጥረነዋል። ውጤት የሚሰጠው ለአቤቱታው ነዋ!

መጥሪያውስ? ብዙ ጊዜ መጥሪያውን ለተከሳሹ የምታደርሰው ራሷ ከሳሿ ናት። ደብድቦ ያባረራትን ሰው በር አንኳኩታ «ተከሰሃል» ልትለው። ፖሊስ ወይም የቀበሌ ሰው አብሯት እንዲሄድ መጠየቅ እንደምትችል የሚነግራት ከሌለ መጥሪያው በቦርሳዋ ውስጥ ያረጃል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ፍርድ ካገኘች በኋላ ደግሞ አፈጻጸም የሚባለው ሁለተኛው ዳገት ይጀምራል። አባትየው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ቀለቡ ከደመወዙ ይቆረጣል። ባጃጅ ሹፌር ወይም የቀን ሠራተኛ ከሆነ ከማን ላይ ይቆረጥ? ከተማ ለውጦ የሄደውንስ ማን ያገኘዋል? በአገልግሎት ሪፖርቱ ላይ ይህ ጉዳይ «ተወስኗል» ተብሎ የተቆጠረ ነው።

ወደ ማዕከሉ የማይመጡትም አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ አካላዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ያህል እርዳታም እንዳልጠየቁ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ አሳይቷል። በሩ ላይ የምትሰለፈው ሴት እንግዲህ ከሦስቱ አንዷ ናት። ለእሷም ቢሆን ስለ ዱላው እንጂ ስለ መኝታ ቤቱ መናገር ይከብዳታል። ወንድ ተማሪ ፊት ለፊቷ ከተቀመጠ አንገቷን ደፍታ «ሴት ልጅ የለችም?» ትላለች። በቅድመ ምረቃ ትምህርት ሴቶቹ ሲሶ ያህል በሆኑበት አገር፣ ጥቂቶቹ ሴት ተማሪዎች የዚህ ሁሉ ታሪክ ተሸካሚ ይሆናሉ። እነሱን የሚያዳምጥ አማካሪ መመደብ በየትኛውም እቅድ ላይ ቅንጦት መስሎ ሊታይ አይገባም።

ያቺ ሴት ተማሪ ራሷም ከጉዳዩ ውጭ አይደለችም። ወደ ቀበሌ ሄዳ ስለ ጾታዊ ጥቃት የምታስተምረው ልጅ፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም ስትመለስ የምትፈራው መንገድ አላት፤ ለውጤቷ በፈገግታ የሚደራደር መምህር ሊያጋጥማት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መምህርት ብሌን ሳህሉና ተማሪዎቿ የጀመሩት የሎው ሙቭመንት ከዚህ ነው የተነሣው። ጠረጴዛቸውን ግቢው ውስጥ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ተማሪ ያወያያሉ፤ በየካቲት የፍቅረኞች ቀን አበባ ሸጠው አቅም የሌላቸውን ሴት ተማሪዎች ይረዳሉ። በ2007 ዓ.ም. የ16 ዓመቷ ሐና ላላንጎ በቡድን ተደፍራ ስትሞት ድምፅ ካሰሙት መካከልም ነበሩ። እኔ በዚህ እንቅስቃሴ የምወደው አገልግሎትን ሩቅ ቦታ አለመፈለጉን ነው። ችግሩ ገጠር ነው፣ መፍትሔው እኛ ነን ከሚለው የቆየ የተማሪ ኩራት ወጥቷል።

የክረምት የበጎ ፈቃድ ዘመቻውን በአጭሩ ልለፈው። ቲሸርት ለብሶ የደካማ ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል መልካም ነው። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ በአንድ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ማስተማር ግን፣ በዚያው ጥናት መሠረት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው በተዳሩበት አገር ብዙ አያራምድም። ያቺ ልጅ ሕጉን ያላወቀች አይደለችም፤ አባቷም ያውቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተሻለ ሐሳብ ይዞ ነበር፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢውን ልጆች አሠልጥኖ ሁለት ሁለት አድርጎ በየቀበሌው አስቀመጣቸው። እነዚያ ልጆች በሐምሌ ተመርቀው አይሄዱም፤ እዚያው ናቸው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ለዩኒቨርሲቲዎቹ አስተዳደር ነው። በየማዕከሉ ቢያንስ አንድ ቋሚ ጠበቃና አንድ ቋሚ የመዝገብ ሠራተኛ ቅጠሩ፤ ተማሪ ቢለዋወጥ መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ይኑር። ተመራቂው ተማሪ የያዘውን ጉዳይ ለተተኪው ባለጉዳይዋ ባለችበት ያስረክብ፤ ማስረከቡም ከውጤቱ ይታሰብ። ቀበሌ ድረስ መሄድና መጥሪያ ማድረስ እንደ አቤቱታው ሁሉ ነጥብ ይኑረው። በሪፖርቱም ላይ «ተወስኗል» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «ተፈጽሟል ወይ?» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ የሚሞላውም ገንዘቡ እጇ የገባላት ሴት ስትናገር ብቻ ይሁን።