ቲቸር፣ ፈተና አለው?

ባለፈው ቅዳሜ ለትምህርት ጂንካ የሚኖሩ አራት የዱስ ልጆችን ይዤ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ሙዚየም ወጣሁ። ዱስን ለማታውቁ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለ የካራ መንደር ነው። ዳገቱ ላይ «እዚያ ምን የምታገኙ ይመስላችኋል?» ብላቸው ትልቁ ልጅ ደብተሩን ጨበጥ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ፈተና አለው?» አለኝ።

ሳቅኩ። ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጅ ይዘን በወጣን ቁጥር «ያያችሁትን ጽፋችሁ አምጡ» ስንል ኖረን፣ ከአራት ግድግዳ ውጪ ያለውንም ነገር ክፍል አደረግንባቸው።

ውስጥ ገብተን በርኮታ አዩ፤ ያቺ አባቶች የሚቀመጡባትም የሚንተራሱባትም ትንሽ የእንጨት በርጩማ። ትንሹ ልጅ «ባለቤቱ ታዲያ ምን ተንተርሶ ይተኛል?» አለ። ደብተሩ ያኔ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አስረጂዎቹ እነሱ፣ ተማሪው እኔ ሆንኩ።

ሙዚየም ጎብኚዎችን ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊ ጆን ፎልክ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ሰው ከሙዚየም የሚያገኘው ነገር፣ ምን ጠብቆ እንደገባ ላይ ይንጠለጠላል። ፈተና የጠበቀ ልጅ መልስ ይለቅማል፤ የሚያውቀውን ያገኘ ልጅ ደግሞ ይጠይቃል።

ስንወርድ ስለ ፍራንክ ኦፐንሃይመር አጫወትኳቸው። የአቶሚክ ቦምቡ ሰው የሮበርት ታናሽ ወንድም፣ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በፖለቲካ ሰበብ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ኮሎራዶ ገብቶ ከብት አረባ፤ ቆይቶም እዚያው ገጠር ሳይንስ አስተማረ። በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለውን፣ ጎብኚው በእጁ እየነካካ የሚማርበትን ሙዚየም ከፈተ። ሙዚየም ገብቶ የሚወድቅ ሰው የለም ባይ ነበር። ልጆቹን ግን የያዛቸው ሌላ ነው፦ «ስንት ከብት ነበረው?»

አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየሟን ከፍታለች። ለዱስ ልጅ ግን ጂንካም ሩቅ ነው። ስለዚህ «ዱስ ላይ ሙዚየም ቢሠራ ምን ይግባበት?» አልኳቸው። ልጅቷ ብዙም ሳታስብ «ውሃው እንዴት እንደሚቆም» አለች።

ካራዎች ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከተሠራ ወዲህ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። እሷ ሙላቱን የምታውቀው በአያቷ ወሬ ነው።

ቤት ስንደርስ ትሪ ላይ አሸዋና አፈር ደልድለን ወንዝ ቀደድን። ግድብ የሚሆን ጠፍጣፋ ነገር ሲጠፋ ትልቁ ልጅ ደብተሩን በቁሙ ተከለው። ልጅቷ በጆግ አፈሰሰች፤ ውሃው ከላይ ተኛ፣ ከታች ያለው አፈር ደረቀ። ደብተሩን ነጠቅ ስታደርገው ውሃው ወጥቶ ዳርና ዳሩን አለበሰውና ሲመለስ ስስ ጭቃ ተወ። ትንሹ ጣቱን ሰክቶ «የሚዘራው እዚህ ነው» አለ።

አምስት ጊዜ ደገሙት። ደብተሩ እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።