የጋዜጠኛው ማይክራፎንና የተመልካቹ ማተብ

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ታህሳስ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፡፡ ለአንድ ዘመዴ ሙት ዓመት ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሳለ፣ ማምሻውን ከዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ የዲ ኤስ ቲቪ ቤት ጎራ አልኩ፡፡ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ደግሞ ሂሳብ የሚሰበስብ ልጅ አለው፡፡ (ያኔ ሰው በምሽት ወጥቶ ኳስ ያይ ነበር፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው ጦርነት ውስጥ ስለወደቀ፣ የማወራው ስለዚያን ጊዜዋ ፍኖተ ሰላም መሆኑ ይያዝልኝ፡፡)

በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሞሮኮና ፖርቹጋል ይጫወታሉ፡፡ የቤቱ ግማሽ የሮናልዶ ወገን፣ ግማሹ የአፍሪካ ወገን ነው፡፡ በ42ኛው ደቂቃ ዩሴፍ ኤን ኔሲሪ በግንባሩ ያስቆጠራት አንዲት ግብ እስከ መጨረሻው ጸናችና፣ ሞሮኮ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች፡፡ ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ሜዳው ላይ ሱጁድ ወረዱ፡፡ በአማርኛ የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛም ድሉን የሰጣቸውን ፈጣሪ እያመሰገኑ መሆናቸውን፣ የራሱን ስሜት ጨምሮበት ነገረን፡፡

ክርክሩ የተነሳው ይሄኔ ነው፡፡

«እሱ የተቀጠረው ኳስ እንዲያስተላልፍ ነው፡፡ ድሉን ማን እንደሰጣቸው በምን አወቀ?» አለ ማተቡ ከሸሚዙ በላይ የዋለ አንድ ወጣት፡፡ «መሠረት ሥዕሏን ከደረቷ ስታወጣስ? ያኔ እልል ያልነው እኛ አይደለን?» አለው አጠገቡ ያለው፡፡ ሦስተኛው ቀበል አድርጎ፣ የኛ አትሌቶች ሲያማትቡ ጋዜጠኞቹ አይተው እንዳላዩ እንደሚያልፉ ተናገረ፡፡ አራተኛው ውሸት ነው አለ፡፡ ቤቱ ተንጫጫ፡፡ አንድ ልጅ ብቻ ጥግ ይዞ ዝም ብሏል፡፡ ጓደኞቹ በስሙ ሲጠሩት ሙስሊም መሆኑን ተረዳሁ፡፡ ከጎሉ በኋላ ከሁሉም በላይ ሲዘል የነበረው እሱ ነበር፤ አሁን ግን ስልኩን ይነካካል፡፡

ከመካከላቸው የሚያውቀኝ ሰው ኖሮ «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት አሉ፤ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ፡፡ እኔም እንደ ባለሙያ ኮራ ብዬ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ጠቀስኩ፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አልኩና ተቀመጥኩ፡፡ ባለማተቡ ወጣት ጊዜ አልሰጠኝም፡፡ «ጋሼ፣ እሱ የሚናገረው ስለ መንግሥት ነው እኮ፡፡ ይኼ ጣቢያ የመንግሥት ነው እንዴ?»

እውነቱን ነው፡፡ ያን ምሽት ያልመለስኩለትን ዛሬ ልሞክር፡፡

ችግሩ የሚጀምረው የሦስት ሰዎችን ድርጊት እንደ አንድ በማየታችን ነው፡፡ ሜዳው ላይ የሚሰግደው ወይም የሚያማትበው ስፖርተኛ አንድ ነው፡፡ ያንን የሚያሳየው ጣቢያ ሌላ ነው፡፡ ማይክራፎን ይዞ የሚናገረው ጋዜጠኛ ደግሞ ሦስተኛ ነው፡፡ ሦስቱ በሕግ ፊት ያላቸው መብትም ሆነ ግዴታ አንድ አይደለም፡፡

ስፖርተኛውን እናስቀድም፡፡ ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ መሠረት ደፋር በ15 ደቂቃ ከ04.25 ሰከንድ አንደኛ ወጣች፡፡ ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሪዮት ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሦስተኛ ሆኑ፡፡ መሠረት መስመሩን ካለፈች በኋላ ከመሮጫ ልብሷ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ እያለቀሰች ለካሜራ አሳየች፡፡ ቀኑን ልብ በሉልኝ፡፡ ዓርብ ነበር፡፡ ለኦርቶዶክሱ የፍልሰታ ጾም አራተኛ ቀን ነበር፡፡ በዚያው ዓመት የረመዳን ጾምም የዋለው በዚሁ ወቅት ስለነበር፣ ያን ምሽት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጾም ላይ የሰነበተ ነው፡፡ በተጨማሪም ዓመቱ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በመጅሊስ ጉዳይ መንግሥት ጣልቃ ገባብን ብሎ አቤቱታ ያሰማበት፣ አንቀጽ 11 ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቶ በየሻይ ቤቱ የተጠቀሰበት ዓመት ነበር፡፡ እንግዲህ አብዛኞቻችን በመንግሥት ቴሌቪዥን ያየናት ያቺ ሥዕል የደስታ ብቻ ሳትሆን የሙግትም ርዕስ ብትሆን አያስገርምም፡፡

መሠረት ሕግ ጥሳለች? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 መሠረት ማንኛውም ሰው ሃይማኖቱን ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በግልም ሆነ በይፋ የመግለጽ መብት አለው፡፡ ሯጭ ስትሆኚ ይህን መብት በመልበሻ ክፍል ትተሽ ግቢ የሚል ንዑስ አንቀጽ የለም፡፡ የኦሊምፒክ ቻርተር 50ኛው ደንብ ግን በውድድር ሥፍራ የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የዘር ቅስቀሳ ይከለክላል፡፡ ቁልፉ «ቅስቀሳ» የሚለው ቃል ነው፡፡ ምስጋና ቅስቀሳ ነው ወይስ አይደለም? ሜዳሊያዋን የነካባት ስላልነበረ መልሱን በተግባር አይተነዋል፡፡ ከአራት ዓመት በኋላም አልማዝ አያና በሪዮ የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ስትሰብር፣ ስለ አበረታች መድኃኒት ለተነሳባት ጥርጣሬ ጋዜጠኞች ፊት የሰጠችው መልስ የእኔ አበረታች ልምምዴና ኢየሱስ ነው የሚል ነበር፡፡ ይህንንም ማንም እንደ ጥፋት አልቆጠረባትም፡፡

እግር ኳስ ጠንከር ይላል፡፡ የጨዋታው ሕግ አራተኛ አንቀጽ በተጫዋች ልብስና ቁሳቁስ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ግላዊ መፈክር እንዳይኖር ይደነግጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ብራዚል ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ ካካ የኢየሱስ መሆኑን የሚናገር ከነቴራ ለብሶ አይተነዋል፡፡ በ2009 በደቡብ አፍሪካው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የብራዚል ቡድን በጋራ ሲጸልይ ግን የዴንማርክ ፌዴሬሽን ቅሬታ አቀረበ፤ ፊፋም ማሳሰቢያ ጻፈ፡፡ በ2024 መጨረሻ ደግሞ የክሪስታል ፓላሱ አምበል ማርክ ጉዬሂ በቀስተ ደመናው የክንድ መለያ ላይ ኢየሱስን እንደሚወድ በእጁ ጽፎ ገባ፡፡ የኢፕስዊቹ አምበል ሳም ሞርሲ በእምነቱ ምክንያት መለያውን አላደርግም አለ፡፡ ጉዬሂ ማሳሰቢያ ደረሰው፤ ሞርሲ ምንም አልተባለም፡፡ ምክንያቱ ለሕግ ሰው ግልጽ ነው፡፡ ሕጉ የሚከለክለው መጻፍን እንጂ አለመልበስን አይደለም፡፡ ለደጋፊ ግን ይህ ማብራሪያ የፍትሕ ጉድለት ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም፡፡

በነገራችን ላይ አርሰናል ጋብሬል ጄሱስን ከማንቸስተር ሲቲ ከገዛ ወዲህ፣ ጋዜጠኞቻችን የመልአኩንና የጌታን ስም ደርበው «ጄሱስ ሳተ» ሲሉ ቅር ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፡፡ የራሳችንማ ከዚህ የባሰ ነው፡፡ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው አንጋፋው ክለብ ስሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፡፡ ጋዜጠኛው በ90 ደቂቃ ውስጥ የሰማዕቱን ስም ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ቁጠሩት፡፡ ከደጋፊዎቹ መካከል ሙስሊሞች ሞልተዋል፤ «ሳንጆርጅ» ብለው ሲጨፍሩ እምነታቸው አይጎድልባቸውም፡፡

አሁን ወደ ጣቢያው፡፡ እዚህ ላይ የወጣቱ ጥያቄ ትክክል ነው፡፡ የመንግሥት ጣቢያ በአንቀጽ 11 የታሰረ ነው፤ የመንግሥት ሃይማኖት ስለሌለ የመንግሥት ማይክራፎንም ሃይማኖት የለውም፡፡ አንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዳለበት ያዛል፡፡ የግል ጣቢያ ግን መንግሥት አይደለም፤ የሚያስረው የፈቃዱ ዓይነትና የራሱ የኤዲቶሪያል መመሪያ ነው፡፡ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ አይሰጥም ነበር፡፡ ያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል፤ ዛሬ የራሳቸው ቴሌቪዥን ያላቸው የእምነት ተቋማትም ጥቂት አይደሉም፡፡ እንዲህ ያለ ጣቢያ ስለ ስፖርትና እምነት የፈለገውን ቢሰብክ ተመልካቹ ምን እንደከፈተ ያውቃል፡፡ ኳስ ለማየት ከፍሎ የገባ ሰው ግን ስብከት አልገዛም፡፡ የሸማች ጥያቄ ነው ብላችሁ ብትወስዱትም አልቃወምም፡፡

ምስልን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፤ የሆነውን አሳዩ፡፡ ሲያማትቡ ካሜራ ማዞር፣ ሲሰግዱ ወደ ተመልካች መቁረጥ ገለልተኛነት ሳይሆን ራሱን የቻለ ወገንተኛነት ነው፡፡ ደግሞስ የት ድረስ ይቆረጣል? ከቡሬ ብዙ ሳይርቅ፣ እንጅባራ ላይ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል፡፡ ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ትዝታው የአድዋ ፈረሶች ነው፤ ትርዒቱ ደግሞ ግልቢያና ጉግስ ነው፡፡ ይህን የሚያስተላልፍ የካሜራ ሰው ስፖርቱን ከታቦቱ የሚለየው በየትኛው መቀስ ነው? የምዕራብ ጎጃም ገጠር የገና ጨዋታም ያው ነው፡፡ ሩሯን የሚያሳድደው ጎረምሳ ጨዋታውን ያገኘው ከልደት ጋር ነው፡፡ እዚያ አገር ስፖርትና ሃይማኖት እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሳተላይት መጥተው የተገናኙ ሳይሆኑ አብረው ያደጉ ናቸው፡፡

ከባዱ ጋዜጠኛው ነው፡፡ እሱም ዜጋ ነው፤ አንቀጽ 27 ለእሱም ይሠራል፡፡ ሥራ ላይ ሲሆን ግን የሚናገረው በሁላችንም ሳሎን ነው፡፡ «ተጫዋቾቹ ሱጁድ ወርደዋል» ማለት ዘገባ ነው፡፡ «ፈጣሪያቸውን እያመሰገኑ ነው» ማለትም ዘገባ ነው፤ ድርጊቱን ለማያውቅ ተመልካች ትርጉሙን መንገር ሥራው ነው፡፡ «ድሉን ፈጣሪ ሰጣቸው» ሲል ግን ፍርድ ሰጠ፡፡ ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ የተሸናፊው ጸሎት ተቀባይነት አጣ ማለቱ ነው፤ ፖርቹጋሎችም ሲያማትቡ ነው የገቡት፡፡ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ናቸው፡፡ የሁለቱን ጎል ለአንድ ወገን ምስጋና የሚጠቀልል ጋዜጠኛ ከሁለቱ የአንዱን ቤተሰብ ከደስታው ያወጣል፡፡

እዚህ ላይ የሚቀርብ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ፡፡ አማርኛችን ራሱ እምነት የተሸመነበት ቋንቋ ነው፡፡ ኳሱ ብረት ሲመታ «በስመአብ!» ያላለ ጋዜጠኛ ማን ነው? «ጤና ይስጥልኝ» ብለን እንጀምራለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንሰነባበታለን፡፡ ሰጪው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፡፡ ይህን ከአንደበት ፍቆ ማውጣት የሚቻል አይደለም፤ ቢቻልም የሚቀረው ቋንቋ ደረቅ ነው፡፡ ግን እኩልነቱ ይታይ፡፡ «በስመአብ» ሲል ፈገግ ያልነው፣ ሌላው «ወላሂ» ሲል ለጣቢያው ስልክ የምንደውል ከሆነ፣ የምንሟገተው ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር አይደለም፡፡

ጥግ ይዞ ዝም ስላለው ልጅ የማስበውም ለዚህ ነው፡፡ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በምዕራብ ጎጃም ከመቶው ከ98 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው፡፡ እንዲህ ባለ አገር ብዙኃኑ የሃይማኖት ድምፅ በስርጭት ውስጥ መኖሩን እንኳ አያስተውልም፤ እንደ አየር ነው፡፡ የሚያስተውለው የሌላው ሲገባ ነው፡፡ ጅግጅጋ ላይ ቢሆን ደግሞ ጥግ ይዞ ዝም የሚለው ባለማተቡ ወጣት በሆነ ነበር፡፡ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 በሌስተርና በክሪስታል ፓላስ ጨዋታ መሐል፣ ዌስሊ ፎፋናና ቼኩ ኩያቴ እንዲያፈጥሩ በመልስ ምት ላይ ለአፍታ ቆመው ነበር፡፡ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን በ2023 ተመሳሳዩን አልፈቀደም፡፡ ሁለቱም አገሮች ለውሳኔያቸው መርህ ይጠቅሳሉ፡፡ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፡፡ ጋዜጠኛው በዚያች ደቂቃ ተጫዋቾቹ ለምን ውኃ እንደሚጠጡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግረን ማንንም አልሰበከም፡፡

ታህሳስ 5 ቀን ረቡዕ ለጉዳይ ቡሬ አደርኩ፡፡ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሞሮኮ ከፈረንሳይ ስትጫወት፣ ያረፍኩበት ሆቴል ምግብ ቤት ሞልቶ ነበር፡፡ ገበያው ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት ሙስሊም ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጠዋል፡፡ ሞሮኮ 2 ለ 0 ተሸነፈች፡፡ ተጫዋቾቹ ወደ ደጋፊዎቻቸው ሄደው እንደገና ሱጁድ ወረዱ፡፡ ያን ምሽት ጋዜጠኛው ምንም አላለም፡፡ ከኋላ አንድ ሰው «ተሸንፈውም?» ሲል ሰማሁ፡፡ አዛውንቱ ዞር ብለው «ተሸንፈውም፣ ልጄ» አሉትና ሻያቸውን ጨረሱ፡፡